ሁለቱ ዛፎች በተራ ይወጣሉ

እህቴ፣ 17 ዓመት የሞላው ወንድምሽ ኮምቦልቻ ውስጥ ቅርጫት ኳስ እንደሚጫወት፣ ማታ ማታ ደግሞ ዘፈን እየጻፈ በስልኩ እንደሚቀርጽ፣ አሁን ሰርግ ላይ እንዲዘፍን ገንዘብ እንደቀረበለት ነግረሽን «አንዱን ምረጥ እንበለው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ብለዋል። ተረቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በተራ መውጣትን አልከለከለም።

ዴሚየን ሊላርድን ወንድምሽ ሳያውቀው አይቀርም። በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአሜሪካው ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ቡድን ፖርትላንድ ከአዲስ ተጫዋቾች መካከል በስድስተኛ ምርጫ ወሰደው፤ በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑም የሊጉ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ሆነ። ራፕ ሲያደርግ ዴም ዶላ ነው የሚባለው። በ2016፣ በ2017፣ በ2019 እና በ2023 አልበም አውጥቷል። የወጡበትን ወር ስመለከት አራቱም ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ የሊጉ ጨዋታ ሳይከፈት ነው የወጡት። የዚያው ሊግ ተጫዋች የነበረው ሻኪል ኦኒልም በ1993 ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙ አሜሪካ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እሱን ግን ለወንድምሽ ምሳሌ አላደርገውም፤ ዜማው ገበያ ሳይወጣ ስሙ ቀድሞ ወጥቶለት ነበር።

ይህን ተራ የሚባል ነገር እኔ የተማርኩት በቁርጭምጭሚቴ ነው። ደሴ ውስጥ ለትምህርት ቤትና ለከተማ ቡድን እጫወት ነበር፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኪቦርድ ይዤ ሰርግ እዞራለሁ። ቡድኑ ከትራንስፖርት ያለፈ አይከፍልም፣ ሰርጉ ግን የዚያኑ ሌሊት በእጅ ይሰጣል። እንቢ ማለት ለዚህ ነው የሚከብደው። ከፋሲካ በኋላ ባለው የሰርግ ሰሞን ኮምቦልቻ አምሽቼ፣ ሌሊቱን ሐረጎን ሽቅብ ወጥቼ ደሴ ገባሁና ሁለት ሰዓት እንኳ ሳልተኛ ጠዋት 12 ሰዓት ልምምድ ላይ ተገኘሁ። ከጦሳ የሚወርደውን የዚያን ሰዓት ብርድ የደሴ ሰው ያውቀዋል። ሳላሟሙቅ ለኳስ ዘለልኩ፤ ስወርድ እግሬ ሲሚንቶው ላይ ታጠፈ። ኳሱ ለሁለት ወር ቀረ። ሰርጉም ቀረ፤ ምክንያቱም በእኛ ሰርግ ኪቦርድ ተጫዋች ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ነው የሚያድረው።

ስለዚህ የወንድምሽ ጠላት ሙዚቃው አይደለም፣ እንቅልፍ ማጣቱ ነው። ዘፈን መጻፍና በስልክ መቅረጽ ከራት በኋላ አንድ ሰዓት ቢወስድበት ኳሱን አይነካበትም። እንዲያውም አንዱ ሌላውን የሚረዳበት ቦታ አለ፤ እሱም ትንፋሽ ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። ከታች የመጣ ቡድን ደሴ ላይ ሦስተኛው ሩብ ሲደርስ አፉን ከፍቶ ነው የሚሮጠው። ያን ዳገት የለመደ ደረት አምባሰልን ሲያወጣ ስንኙ መሃል ላይ አይቆረጥበትም። ጉሮሮው ላይ ግን ይጠንቀቅ። ሜዳ ላይ ሲጮህ ውሎ ማታ መዝፈን ድምፅ ይሰነጥቃል፤ በጨዋታ ቀን አይቅረጽ።

አንድ ሰው ደግሞ ፈልጎ እንዲያነብ ንገሪው፦ ዋይማን ቲስዴል። የሰባኪ ልጅ ነው፤ ቤዝ ጊታር የለመደው በአባቱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ግራኝ ስለነበረ ጊታሩን ገልብጦ ይመታ ነበር። በ1984 በቅርጫት ኳስ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ፣ 12 የውድድር ዘመን በትልቁ ሊግ ተጫወተ። የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው ገና ተጫዋች ሳለ በ1995 ነው። በ1997 ጫማውን ሰቅሎ ሙሉ በሙሉ ወደ ጃዝ ገባ፤ በ2009 እስካረፈ ድረስም ሙዚቀኛ ነበር። ጉልበት በሠላሳዎቹ ውስጥ ይከዳል፣ ጣት ግን ይቆያል። ወንድምሽን «ኳሱን አሁን፣ ዜማውን ቀስ እያልክ» የምለው ለዚህ ነው።

ለሰርጉ ጥሪ እንዲህ ይመልስ፦ ውድድር ባለበት ወር አይሆንም፤ ካለቀ በኋላ ደግሞ የቀኑን ክፍል ብቻ ዘፍኖ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ቤቱ ይግባ። በዚህ የማይስማማ ሰርገኛ ሌላ ዘፋኝ ይፈልግ፤ ወሎ ውስጥ ድምፅ ያለው ሰው አይጠፋም። የቀረጸውንም ከፈቀደ ላኪልኝ፣ ኪቦርዱን እኔ እሞላለታለሁ።