ሳህኗን ለብቻ አደረግሁት፤ ለምጹ ወደ ወንድሞቿ ይተላለፋል?

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከመሐል ሜዳ ነው። የ16 ዓመት ልጄ ከንፈሯ ዙሪያና የጣቶቿ ጫፍ ላይ ነጭ ነገር ከወጣባት ስምንት ወር ሆኗታል። ጎረቤቶች ለምጽ ነው ስላሉኝ ሎሚ ቀብቼ ፀሐይ አሞቅኋት፤ ቆዳዋ ተላጠ። ከዚያ ከሱቅ የገዛሁትን ቅባት አራት ወር ቀባኋት። አሁን አፏን በነጠላ ሸፍና ነው የምትውለው። ለወንድሞቿ ፈርቼ ሳህኗንና ኩባያዋን ለይቻለሁ። የትኛው ቅባት ይሻላታል?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ቅባት ቢሆንም እንቅልፍ የነሳዎት የሳህኑ ነገር እንደሆነ ይገባኛል። ለምጽ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በመብልም፣ በልብስም፣ አብሮ በመተኛትም። ዛሬ ማታ ልጅዎ ከወንድሞቿ ጋር ከአንድ መሶብ ትብላ። ሕመሙ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን የራሱን ሕዋሳት እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲያጠፋቸው ነው፤ ከ100 ሰው አንዱን ያህል ይይዛል፣ ብዙዎቹንም የሚጀምራቸው በልጅነትና በወጣትነት ነው።

በእኛ በሰሜን ሸዋ ለምጽ ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው ንዕማንንና ግያዝን ነው። የግያዝ ለምጽ በዘሩም ላይ እንደ ተጣበቀ ስትሰማ ያደገች እናት «ልጄን ማን ያገባታል?» ብላ ብትጨነቅ አልፈርድባትም። ነገር ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ለምጽ የተባለው ስም ብዙ ዓይነት የቆዳ ሕመም የሚጠቀልል ነበር፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ራሱ ካህኑ «ንጹሕ ነው» የሚለውን ነጭ ምልክት ከሌላው ይለያል። ዛሬ ሥጋ ደዌ የምንለው ደግሞ ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ባገኘው ባክቴሪያ የሚመጣ ፈጽሞ ሌላ በሽታ ነው። የሥጋ ደዌ ምልክት የገረጣ ወይም የቀላ እንጂ እንደ ወተት የነጣ አይደለም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይደነዝዛል። ልጅዎ ዓይኗን ትጨፍን፤ ከሚፈትሉት ጥጥ ትንሽ ቆንጥረው ጫፉን አሹለው ነጩንም ጤነኛውንም ቦታ በቀስታ ይንኩና የተነካችበትን በጣቷ ታሳይዎ። ሁለቱም እኩል ከተሰማት ትልቁ ፍርሃትዎ ይቅለል። ነጩ ቦታ ካልተሰማት ግን አንድ ሳምንት እንኳ አይቆዩ፤ የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነጻ ይሰጣል፣ ከ6 እስከ 12 ወር ተወስዶ ያድናል፣ ጣትና እግር የሚያሳጣው መዘግየቱ ነው። ስለ ዘሩ ስጋትም፣ ለምጽ ካለባቸው ሰዎች ልጆች አብዛኞቹ ለምጽ አይወጣባቸውም።

ስለ ሎሚው ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ሎሚ የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ለምጽ ያለበት ሰው ቆዳ ደግሞ በቆሰለበት ቦታ አዲስ ነጭ ሊያወጣ ይችላል፤ መድኃኒት ብለው ያደረጉት ሕመሙን ሊያሰፋው ይችል ነበር። ከሱቅ የሚገዙት ቅባቶች ስቴሮይድ የሚባል ኃይለኛ መድኃኒት ሊኖርባቸው ይችላል፤ ያለ ሐኪም ለወራት ፊት ላይ ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሱታል። ስምንት ወር ሙሉ ጎረቤትም ባለሱቅም ተጠየቀ፣ ሐኪም ብቻ ቀረ። ይህ መደገም የለበትም። ጸበሉን አልከለክልም፤ ጸበልና ሕክምና አብረው ይሄዳሉ፣ ሕክምናውን ማቋረጥ ግን አይቻልም።

ሕክምና አለ፤ በሐኪም የሚታዘዝ ቅባትና የብርሃን ሕክምና፣ ብዙ ወራት የሚጠይቅ። ፊት ጥሩ ይመለሳል፤ ከንፈርና የጣት ጫፍ እምቢተኛ ናቸው፣ ይህን ልደብቅዎ አልፈልግም። ቶሎ ሲጀመር የተሻለ ስለሆነ በአቅራቢያዎ ካለው ሆስፒታል ሪፈር ያስጽፉ። አዲስ አበባ ወዳለው አለርት ከላኳችሁም የሥጋ ደዌ ቤት ነው ብለው አይሽሹ፤ ማንኛውም የቆዳ ሕመም ይታይበታል። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) የደም ምርመራ እንዲደረግላት ይጠይቁ፤ የታይሮይድ ሕመም ከለምጽ ጋር አብሮ ሊገኝ ይችላል። የደጋው ፀሐይ ነጩን ቦታ ቶሎ ስለሚያቃጥለው ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ አይለያት።

ነጠላው ከቆዳው በላይ ያሳስበኛል። ሐኪሙ ለጥቂት ጊዜ ብቻዋን እንዲያነጋግራት ይፍቀዱ፤ መኖር አስጠላኝ ካለች ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ይዘዋት ይሂዱ። የቅባቱንም ቱቦ፣ ባዶውን ቢሆን እንኳ፣ ይዘው ይሂዱ።