አፉን ከፍቶ የሚያንኮራፋ ልጅ

ጥያቄ፦ የ4 ዓመት ልጄ ጉንፋን ሳይዘው በየሌሊቱ ያንኮራፋል። ቶንሲሉ ደህና ነው ተብያለሁ። ምን ይሆን? (እናት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አዴኖይድ የሚባለው ቶንሲል መሰል ሥጋ አብጦ ሳይሆን አይቀርም። ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከእንጥል በላይ ስለሆነ አፍ በማስከፈት አይታይም፤ የጎን ራጅ ወይም በአፍንጫ የሚገባ ቀጭን ካሜራ ይጠይቃል። እንቅልፍ ሲጸናበት ደረቱን ገልጠው 2 ደቂቃ ያህል በስልክ ይቅረጹት። ትንፋሹ ቆም ብሎ በሲቃ ይመለሳል? የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? ለከአንገት በላይ ሐኪሙ ይህ ቪዲዮ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል። (ቀን ላይ መቅበጥበጡም አንዳንዴ እንቅልፍ ስላልጠገበ ነው።)

ቀለል ካለ ሞሜታሶን የተባለ እብጠት የሚቀንስ የአፍንጫ ስፕሬይ ለሳምንታት ይታዘዛል፤ ጫፉን ወደ ጆሮው በኩል ያዙሩ፣ የአፍንጫው መሃል ግድግዳ ላይ ከተረጨ ሊያደማ ይችላል። ትንፋሹ የሚቋረጥ ከሆነ ግን «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ አዴኖይዱን የሚያወጣውን ቀዶ ሕክምና ማዘግየት አይገባም። ከቀዶው በኋላ ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ አይስጡት፤ ትንፋሽ ያዳክማል። ከንፈሩ ከጠቆረ እስኪነጋ ሳይጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።