ክሬም ሲነካው የሚጮህ ልጅ፣ ከፀሐይ እንዴት ይጠበቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ7 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ፊቱን ሲነካው እሪ ይላል፤ ኮፍያም ወዲያው አውልቆ ይጥላል። ባለፈው ላንጋኖ ሄደን ራቁቱን ሲዋኝ ውሎ ትከሻውና አፍንጫው ተቃጥሎ ተላጠ። ለገና ደግመን ልንሄድ ነው። አባቱ «ይዘን እንቀባው» ይላል፤ እኔ ግን አንጀቴ አልቻለም። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እባክዎ ይዛችሁ አትቀቡት። ልጅዎ እልኸኛ ሆኖ አይደለም። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ለእኛ ምንም የማይመስለን ቅዝቃዜ፣ መጣበቅና ሽታ እጅግ ጎልቶ ይሰማቸዋል። በግድ የተቀባ ልጅ ደግሞ በማግስቱ ዕቃውን ገና ሲያይ ይሸሻል።

ደግነቱ፣ ዋናው መከላከያ ክሬም አይደለም። ልብስና ጥላ ይቀድማሉ። ላንጋኖ ላይ ትከሻውን የሚያድነው እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ነው። ሰውነት ላይ ጥብቅ የሚል ልብስ የሚያረጋጋቸው ልጆች አሉ፤ ሰፊ ካልሆነ የማይለብሱም አሉ፤ ስለዚህ እሱ ይምረጥ። አዲሱን ልብስ አስቀድመው ደጋግመው ይጠቡት፣ አንገቱ ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ ይቁረጧት፣ ስፌቱ ከቆረቆረው ገልብጠው ያልብሱት። ስስ ነጭ ካናቴራ ግን ውኃ ሲነካው ጨረር ስለሚያሳልፍ አይበቃም። ጠቆር ያለና ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ ይሻላል።

ኮፍያውን ሐይቁ ዳር አያስጀምሩት። ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ፣ የሚወደውን ነገር እያየ ለአንድ ደቂቃ ያድርገው፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ይጨምሩ። አገጭ ሥር የሚታሰር ገመድ ብዙዎቹን ያስቆጣል። እምቢ ካለ ከልብሱ ጋር የተሰፋ ኮፍያ ይሞክሩ፤ እሱም ካልሆነ ጃንጥላ አለ። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጨረሩ ስለሚበረታ ዋናውን ከዚያ በፊት ወይም በኋላ ያድርጉት። «የእኛ ቆዳ አይቃጠልም» የሚሉዎትን አይስሙ። ጥቁር ቆዳ የራሱ መከላከያ ቢኖረውም ሙሉ አይደለም፤ ጨረሩም ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። (አልቢኒዝም ላለበት፣ ማለትም ቆዳው ቀለም ለሚጎድለው ልጅ ግን ክሬሙም የግድ ነው፤ የቆዳ ሐኪም ሊከታተለው ይገባል።)

ለክሬም የሚቀረው ፊት፣ ጆሮ፣ የእጅና የእግር ጀርባ ነው። ሽታ የሌለው፣ ኤስፒኤፍ (ከፀሐይ የመከላከል አቅሙን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ይግዙ። እንደ ሊፕስቲክ ጠጣር ሆኖ የሚመጣው እጅ ስለማያጣብቅ ብዙ ልጆች ይቀበሉታል። መጀመሪያ የእርስዎን ክንድ እሱ ይቀባዎት፤ ከዚያ መስታወት ፊት ራሱን ይቀባ። እርስዎ ከቀቡት ክሬሙን መዳፍዎ ላይ አሙቀው፣ በቀላሉ ከመዳበስ ይልቅ ጠበቅ አድርገው፣ መቼ እንደሚያበቃ እንዲያውቅ እስከ 10 እየቆጠሩ ይሁን። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ቢጨርሱ ይመረጣል። በየ2 ሰዓቱና ከውኃ በወጣ ቁጥር መደገም አለበት። የሚረጨውን ዓይነት ፊቱ ላይ አይጠቀሙ፤ ወደ ሳንባው ይገባል፣ ድምፁም ያስደነግጠዋል።

አንድ ነገር አልነገሩኝም፤ መድኃኒት ይወስዳል? ሪስፔሪዶን (ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ለከባድ ቁጣና መረበሽ የሚታዘዝ መድኃኒት) ከሆነ ሰውነቱ ሙቀትን በደንብ ላይቆጣጠር ስለሚችል ጥላ ያብዙለት፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ይስጡት። መድኃኒቱን ግን ሐኪሙን ሳያማክሩ አያቋርጡ።

ይህ ሁሉ ሆኖም ቢቃጠል ቀዝቃዛ ውኃ የነካው ንጹሕ ጨርቅ ያድርጉለት እንጂ የጥርስ ሳሙናም ሆነ ቅቤ አይቀቡት። ውኃ ከቋጠረ፣ ካተኮሰው ወይም ካስመለሰው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይውሰዱት። ሕመሙን በቃል ላይናገር ስለሚችል ማታ ልብሱን ገልጠው ይዩት።