ከመርከብ ሽርሽር መልስ፦ ቤት ተለውጦ ሲጠብቅ

የመርከብ ሽርሽር ወቅት ሲያበቃ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ስለ ባሕሩ አይደሉም። ሰዎች በራቸውን ከፍተው ሲገቡ ስለጠበቃቸው ነገር ነው የሚጽፉልኝ።

ጥያቄ፦ እኛ ሽርሽር ላይ ሳለን የልጅ ልጄ መራመድ ጀመረች። ልጄ ቪዲዮውን ያሳየችኝ ከተመለስን በኋላ ነው። ይባስ ብሎ ሕፃኗ እጄን ስዘረጋላት ታለቅሳለች። ረሳችኝ?

መልስ፦ እናቴ፣ ልቅሶው የጥላቻ አይደለም። ሕፃናት ከ8ኛው ወር አካባቢ ጀምሮ ሁልጊዜ የሚያዩትን ሰው ከሌላው ይለያሉ፤ ለእርስዎ አጭር የነበረው ሽርሽር ለእሷ ረጅም ነው። ሲገቡ ለማቀፍ አይቸኩሉ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ከእናቷ ጋር ያውሩ፣ ማንኪያና ክዳን ይዘው ቀስ ብለው ያንኳኩ። ሰርቃ ታይዎታለች፣ ፊቷን ታዞራለች፣ ደግማ ታያለች፣ ከዚያ ክዳኑን ልትነጥቅ ትመጣለች። ያኔም ቢሆን አፈፍ አያድርጓት።

ስለ እርምጃው ደግሞ፦ ብዙዎቹ ሕፃናት ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይራመዳሉ። «የመጀመሪያ» የሚባለው እርምጃ የስንቱን ወላጅ ዓይን አምልጦ ሞግዚት ፊት እንደተወሰደ ማን ያውቃል? ልጅዎም ቪዲዮውን ማቆየቷ ደግ አድርጋለች። መርከብ ላይ ሳሉ ብትልክልዎ ኖሮ የቀረው ጉዞ በቁጭት ያልቅ ነበር።

ጥያቄ፦ ከወረድን ሦስተኛ ቀናችን ነው፤ ወለሉ አሁንም ይወዛወዝብኛል። ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ምርቃት አለ።

መልስ፦ አእምሮዎ የመርከቡን ውዝዋዜ ስለለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይተዋል። መኪና ውስጥ ቀለል ቢልዎት አይገረሙ፣ ጠባዩ ነው። ከወር ካለፈ ሐኪም ይየው። የአካል መዛል ወይም ከባድ ራስ ምታት ካለበት ግን ዛሬውኑ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ፓስፊክን ወደ ምዕራብ ስናቋርጥ ቤት የቀረው ልጃችን 18ኛ ልደት የዋለበት ቀን መርከቡ ላይ ጨርሶ አልነበረም። እሱ ግን ሰበብ ነው ብሎ አኩርፏል።

መልስ፦ ሰበብ አይደለም። በ180 ዲግሪ ኬንትሮስ አካባቢ እየታጠፈ የሚያልፈውን የቀን መለወጫ መስመር ወደ ምዕራብ የተሻገረ አንድ ቀን ይዘላል፤ ወደ ምሥራቅ የተሻገረ አንዱን ቀን ሁለቴ ይውላል። እ.ኤ.አ. በ1522 ዓለምን ዞረው ሊጨርሱ የተቃረቡት የመርከበኛው የማጄላን ባልደረቦች ኬፕ ቨርድ ደሴቶች ሲደርሱ በራሳቸው ቆጠራ ረቡዕ፣ በደሴቱ ሰው ግን ሐሙስ ሆኖ ግራ ገብቷቸው ነበር። ይንገሩት፤ ይስቃል። ኩርፊያው ግን የካርታ አይደለም፤ እሱ ጋ ቀኑ ነበረ። በዋዜማው መደወል ይቻል ነበርና ይቅርታው ይቅደም፣ ማጄላን ይከተል።

ጥያቄ፦ መርከቡ ላይ ትውከትና ተቅማጥ ይዞን ነበር። ቤት ስንደርስ አዲስ ሕፃን ጠበቀን። መቼ እንቀፈው?

መልስ፦ ምልክቱ ከቆመ ቢያንስ 48 ሰዓት ይለፍ፤ ለአራስ ሕፃን ሲሆን ከዚያም በላይ ብትታገሡ እመርጣለሁ። ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣው ኖሮቫይረስ የሚባለው ተላላፊ ቫይረስ ከሆነ ከተሻላችሁ በኋላም ለ2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሰውነት ሊወጣ ይችላል። በአልኮል ጄል አትተማመኑ፤ እጃችሁን በሳሙናና በውኃ ታጠቡ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የመጀመሪያ ጉዞዬ ነበር። ልጆቼ «እንዳይከብድሽ» ብለው ልብሱን በሙሉ አውጥተው ሰጥተውት ጠበቁኝ። አመስግኜ ገባሁ፤ እንቅልፍ ግን የለኝም።

መልስ፦ ሳይጠይቁ ማድረግ አልነበረባቸውም፤ ፍቅር ቢሆንም። ቁጣ አያስፈልግም፣ «ኮቱን አንዴ ይዤ ማየት ነበረብኝ» ይበሏቸው። ግን መጀመሪያ አሁኑኑ ይደውሉና የት እንደሄደ ይጠይቁ፤ ቶሎ ከተከታተሉት አንዳንዱ ይገኛል። ከረጢቱ ገና የአንዱ ልጅ መኪና ውስጥ ተቀምጦም ሊሆን ይችላል። ኪሶቹ ተፈትሸው እንደሆነም ይጠይቁ፦ መነጽር፣ ቁልፍ፣ የታጠፈ ወረቀት። ባዶውን ቁም ሳጥን ለመሙላትም አይጣደፉ። ምን እንደሚገባበት ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ልጅ ካለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ይመለስ።