ባዶ መድረክ፣ ጥቂት ተዋናይ፦ ስለ አጫጭር ተውኔቶች ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የአዋጁ ቁጥር ሲቀር።)

ጥ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለን አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተዋናዮች ነን። አዳራሹ የማኅበረሰቡ ስለሆነ ዲኮር ማቆም አንችልም። ከአንድ ሰዓት ተኩል የማይበልጥ የዘመኑ ተውኔት ምን አለ?

መ፦ ሩቅ አትሂዱ። የእንግሊዛዊው ደንከን ማክሚላን «ላንግስ» (ሳንባ እንደ ማለት) መጀመሪያ የታየው እዚያው ዋሽንግተን፣ ስቱዲዮ ቲያትር፣ በ2011 ነው። ዓለም እንዲህ እየሞቀች ልጅ እንውለድ ወይስ ይቅርብን እያሉ የሚጨቃጨቁ ጥንዶች ናቸው። ለእናንተ ችግር በልክ የተሰፋ ይመስላል፦ ደራሲው ዲኮር፣ የቤት ዕቃ፣ የእጅ ቁሳቁስም ሆነ የልብስ ለውጥ አይኑር ብሏል። ኩባያ የያዙ መስሎ መተወንም ክልክል ነው። መብራትና ድምፅ እንኳ የጊዜና የቦታ ለውጥ እንዲያሳዩ አይፈልግም።

ወጪው ይቀንሳል እንጂ ሥራው አይቀልም። ጊዜው በሁለት ቃለ ተውኔቶች መካከል ሳይታሰብ ይዘላል፤ ሱቅ ውስጥ የተጀመረ ንግግር መኪና ውስጥ ይቀጥላል። ስለዚህ ገና ተቀምጣችሁ ስታነቡ፣ ዝላይ ባለበት ሁሉ በእርሳስ መስመር አስምሩና ጎኑ ላይ «የት? ስንት ጊዜ አለፈ?» ብላችሁ መልሱን ጻፉ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ዝላይ አንድ የሰውነት ምልክት ስጡት፤ ትንፋሽ፣ አንድ እርምጃ፣ የአንገት መዞር። ምልክቱ ሁሌ አንድ ዓይነት ከሆነ ተመልካች በሩብ ሰዓት ውስጥ ይነቃበታል፤ ከዚያ በኋላ ተውኔቱን ትቶ ምልክቱን ይቆጥራል። ብዙ አዘጋጅ የሚሳሳተው ተመልካች ይጠፋበታል ብሎ ሲፈራና መብራት ሲያጠፋ ነው። ሦስት ሰከንድ ጨለማ 30 ጊዜ ሲደጋገም አንድ ደቂቃ ተኩል የሞተ ጊዜ ነው፤ የጭቅጭቁ ሙቀትም አብሮ ይበርዳል።

የኒክ ፔይን «ኮንስተሌሽንስ» (2012) ደግሞ የአንዲት የፊዚክስ ሊቅና የአንድ ንብ አናቢ ፍቅር ነው። አንዱ ትዕይንት በጥቂት ለውጥ ደጋግሞ ይመጣል። ተመሳሳይ መነሻ ቃላት ተዋናይን ወደተሳሳተው ቦታ ስለሚወረውሩት ለጀማሪ ጥንድ አልመክረውም።

ጥ፦ የካሪል ቸርችልን «ኤ ነምበር» ለራሴ ልምምድ እየተረጎምኩ ነው። በእንግሊዝኛ የሚቆራረጠው ንግግር በአማርኛ ሲቆረጥ ትርጉም አልባ ይሆንብኛል። ምን ላድርግ?

መ፦ ለማያውቁት፦ «ኤ ነምበር» በ2002 ለንደን፣ ሮያል ኮርት የታየ፣ አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ፣ አምስት ትዕይንት ያለው ተውኔት ነው። አንዱ ተዋናይ አባትየውን ሶልተርን፣ ሌላው ደግሞ ከአንድ ሰው የተባዙትን ጨምሮ ሦስት ወንዶችን ይጫወታል። ሥርዓተ ነጥብ እምብዛም የለውም፤ ዓረፍተ ነገሮቹም ሳይቋጩ ይቀራሉ።

ችግሩ የእርስዎ አይደለም፣ የግሳችን ቦታ ነው። በእንግሊዝኛ ግሱ ቀድሞ ስለሚመጣ አፉን ቢዘጉበትም ሰውየው ምን እንዳደረገ ታውቋል። በአማርኛ «እኔ ያን ልጅ ወደዚያ ቤት…» ብለን ከቆረጥን ላከው? ወሰደው? ጣለው? አይታወቅም። ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ቤት ውስጥ እንደምንናገረው ግሱን ማስቀደም ነው፦ «ላክሁት እኮ፣ ያን ልጅ፣ ወደ…»። ሁለተኛው መቁረጫውን ግሱ ውስጥ ማስገባት ነው፦ «እኔ እኮ አል…»። «አል» ስትሰማ ክህደት መሆኑ ገብቶሃል፤ የቀረውን ፊቱ ይጨርሰዋል። ይህን ሁለተኛውን አታብዙት፤ በአንድ ገጽ ከሁለት ጊዜ ካለፈ መንተባተብ ይመስላል።

ከዚህ የከበደው፣ የጣፈጠውም፣ አጠራሩ ነው። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ «ዩ» አለው። እኛ ግን በመጀመሪያው ቃል አንተ ወይም እርስዎ ማለት ግድ ይለናል። አባቱ ያሳደገው ልጅ «አባዬ፣ አንተ» ቢል ያምርበታል። በልጅነቱ የተጣለው ተመልሶ ሲመጣ «አባዬ» የለም፤ ደረቅ «አንተ» ድፍረት ነው፣ «እርስዎ» ደግሞ ባዕድነት ነው። እኔ «እርስዎ»ን እመርጣለሁ፤ ቁጣው ሲገነፍል ወደ «አንተ» ይውረድ። በመጨረሻው ትዕይንት የሚመጣው፣ ከተባዙት አንዱ የሆነው ማይክል ብላክ የማያውቀውን ሽማግሌ «እርስዎ» ማለቱ ተፈጥሯዊ ነው። አንዱ ተዋናይ ሦስቱን የሚለይበት ግማሽ መንገድ በዚህ ይሸፈናል፤ በትዕይንቶች መካከል ልብስ ለመቀየር ከ15 ሰከንድ በላይ መድረኩን ባዶ አታድርጉ።

ጥ፦ የ11ኛና 12ኛ ክፍል ድራማ ክበብ አለን፤ 24 ልጆች፣ ሁሉም መድረክ ላይ መውጣት ይፈልጋሉ።

መ፦ የዚያችው የቸርችል «ፋር አዌይ» (2000)፤ 50 ደቂቃ ገደማ ነው። የሚናገሩት ሦስት ገጸ ባሕርያት ብቻ ናቸው፤ ጆንን በልጅነቷና ካደገች በኋላ ሁለት ልጆች ሊጫወቷት ይችላሉ። የቀሩት 20 ልጆች ግዙፍ ባርኔጣ ደፍተው ወደ ሞት የሚነዱ እስረኞች ይሆናሉ። ደራሲዋ ስለ ሰልፉ ስትጽፍ አምስት ሰው በጣም ያንሳል፣ ከአሥር ሃያ ይሻላል፣ መቶስ ቢሆን ትላለች። ጨካኝ ተውኔት ስለሆነ ከታች ክፍል ልጆች ጋር አትሥሩት።

ባርኔጣውን ከጋዜጣና ከዱቄት ሙጫ ሥሩ። አንድ ኩባያ ዱቄት በአንድ ኩባያ ተኩል ውኃ በጥብጡና በተነፋ ፊኛ ላይ አራት ድርብ ለጥፉ። አንዱን ድርብ ሳይደርቅ በሌላው ከደራረባችሁት ውስጡ ይሻግታል። ከአገጭ ሥር የሚያልፍ ላስቲክ ስፉለት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ልጅ አንገቱን ሲደፋ ባርኔጣው ወድቆ አዳራሹ ይስቃል። ሰልፉን በሰዓት ለኩት፦ ሃያ ልጅ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት፣ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢራመድ፣ 8 ሜትር መድረክ ለማለፍ 73 ሰከንድ ይፈልጋል። ሙዚቃውን በዚያ ልክ ቁረጡት።

ጥ፦ ለምረቃ ዝግጅት የ10 ደቂቃ አስቂኝ ተውኔት?

መ፦ የዴቪድ አይቭስ «ሹር ቲንግ» (1988)። ካፌ ውስጥ አንድ ወንድ አንዲት ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ዘንድ ቀርቦ ወንበሩ ሰው አለው ወይ ይላታል። ንግግራቸው በተበላሸ ቁጥር ደወል ይጮሃል፣ እንደገና ይጀምራሉ። ደወሉ ሦስተኛ ተዋናይ ነው፦ ከቅጂ አይሁን፣ አንድ ሰው ጽሑፉን ይዞ በእጁ ይምታው፣ ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጀምሮ ይገኝ። ግማሽ ሰከንድ ከዘገየ ቀልዱ ሞተ። የሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ ያለው፣ በመዳፍ የሚመታው አጭር ድምፅ ያለው ደወል ይሻላል። ቃጭል አይሆንም፤ ንዝረቱ ቀጣዩን ቃል ይሸፍናል፣ ተመልካቹም ቅዳሴ ትዝ ይለዋል። ዳግም መጀመሪያዎቹን ሁሉ ቁጥር ስጧቸው፤ ካልሆነ ተዋናዩ ከ7ኛው ወደ 12ኛው ዘሎ ሴትየዋን ባዶ ያስቀራታል።

ጥ፦ ብቻዬን የምጫወተው እፈልጋለሁ። «ኤቭሪ ብሪሊየንት ቲንግ» ወይስ «ዋይት ራቢት ሬድ ራቢት»?

መ፦ ሁለቱ ፍጹም የተለያየ ዝግጅት ይጠይቃሉ። የመጀመሪያው የማክሚላን ነው፤ ከጆኒ ዶናሆ ጋር የሠራው፣ በ2013 የታየ። እናቱ ራሷን ለማጥፋት ከሞከረችበት ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ለመኖር የሚያበቁ ነገሮችን የሚዘረዝር ልጅ ታሪክ ነው፤ ቁጥር 1 አይስክሬም ነው። ዝርዝሩን በካርድ ጽፈው ከመጀመርዎ በፊት ለተመልካች ያድላሉ፣ ቁጥሩን ሲጠሩ ባለ ካርዱ ያነባል። ፊደሉን ትልቅ አድርጉት፤ መነጽር የረሳ ሰው ሲንተባተብ ፍጥነቱ ይሰበራል። የአዳራሹ መብራት አይጠፋም፣ ተመልካች ዙሪያውን ይቀመጣል። ለትልልቆቹ ሚናዎች ሰው የሚመርጡት ካርድ ሲያድሉ ነው፦ ዓይኑን የሚሸሽ አይሁን፣ ሊያስቅ የሚጓጓም አይሁን። አንዷ ተመልካች ጫማዋን አውልቃ ካልሲዋን በእጇ አሻንጉሊት ማድረግ አለባት፤ ይህን በነጠላ የመጡ እናት ላይ አይሞክሩት። ደራሲው ታሪኩ በሚታይበት አገር እንዲሆንና ነገሮቹም እንዲለወጡ ይፈቅዳል፤ ስለ ራስ ማጥፋት መሆኑን ግን በር ላይ ለተመልካች ይንገሩ፣ ሐዘን ያለበት ሰው አለ።

ሁለተኛው የኢራናዊው ናሲም ሱሌማንፑር ነው። የውትድርና አገልግሎት ስላልሰጠ ፓስፖርት ተከለከለ፤ ተውኔቱን በእሱ ፈንታ ላከው። አዘጋጅ የለም፣ ልምምድ የለም፤ የታሸገው ፖስታ መድረክ ላይ ይሰጥዎታል፣ እዚያው ከፍተው ያነባሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እንግዲህ ስለ ይዘቱ ከዚህ በላይ ብነግርዎ አበላሽብዎታለሁ። ለሚተረጉመው ሰው ግን አንድ ማሳሰቢያ፦ ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። «ይመታል» ገና ዓይኑን ለጣለ አንባቢ መቺ ይሁን ተመቺ አይታወቅም፣ «አለ»ም እንዲሁ። በሁለት መንገድ የሚነበበውን ቃል ይቀይረው፣ ወይም የሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ ያድርግበት። በአንድ ገጽታ ብቻ ይታተም፣ ገጾቹም ቁጥር ይኑራቸው።

ጥ፦ ጽሑፉ 22 ገጽ ነው፤ ስንት ደቂቃ ይሆናል?

መ፦ ገጽ አይቆጠርም። ቁጭ ብላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ሰዓት ያዙ፤ በተገኘው ላይ ለእንቅስቃሴ አንድ አምስተኛ ጨምሩ።

ጥ፦ በነጻ ነው የምናሳየው። ፈቃድ ያስፈልጋል?

መ፦ አዎ። በኢትዮጵያ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መተርጎምም በአደባባይ ማሳየትም የደራሲው መብቶች ናቸው፤ መግቢያው ነጻ መሆኑ ብቻውን አይለውጠውም። ሁለቱን ለየብቻ ጠይቁ፦ የእንግሊዝኛውን ለማሳየት የሚሰጥ ፈቃድ አማርኛውን አይሸፍንም። ለማን እንደሚጻፍ በታተመው መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጾች ላይ አለ፤ ለ«ሹር ቲንግ» ለምሳሌ ድራማቲስትስ ፕሌይ ሰርቪስ ነው። በደብዳቤው የቡድኑን ስም፣ አዳራሹን፣ የወንበር ብዛት፣ ስንት ጊዜ እንደሚታይ፣ የቲኬት ዋጋ (ዜሮም ቢሆን) እና ቋንቋውን ጻፉ። የአማርኛው ፈቃድ ወራት ሊፈጅ ስለሚችል አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት ላኩት።