በ50 ዶላር የኢንተርኔት ፖከር ለመጀመር

ወንድሜ፣ ኒው ጀርሲ እንደምትኖርና በ50 ዶላር የኢንተርኔት ፖከር፣ ማለትም በገንዘብ የሚካሄደውን የካርታ ጨዋታ፣ መጀመር እንደምትፈልግ ጽፈሃል። 21 ዓመት ከሞላህ፣ በግዛትህ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የተፈቀደ ነው። ግዛቱ ፈቃድ የሰጠው ድርጅት ዘንድ ብቻ ተመዝገብ፤ በ2011 የአሜሪካ መንግሥት ታላላቆቹን ድረ ገጾች ሲዘጋ የብዙ ተጫዋቾች ገንዘብ ለዓመታት ታግዶ ቆይቷል።

አጥብቄ የምለምንህ ግን 50 ዶላሩን በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዳታፈሰው ነው። ባለ 1 እና 2 ሳንቲም ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥ፤ ቁጥሮቹ ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች በግዴታ የሚያስይዙት ገንዘብ ናቸው። ሙሉ መግቢያው 2 ዶላር ስለሆነ 25 ጊዜ ለመማር ዕድል ታገኛለህ።

ሒሳቡን እንዲህ ተለማመደው። በእጅህ ሁለት ባለ ልብ ካርታ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ከተገለጡት ሦስቱ ሁለቱ ባለ ልብ ናቸው። አንድ ባለ ልብ ቢጨመር አምስት ይሞሉና ጠንካራ እጅ ይኖርሃል። ካላየሃቸው 47 ካርታዎች 9ኙ ባለ ልብ ስለሆኑ ይጠቅሙሃል፤ ቀጣዩ ካርታ የመሆን ዕድላቸው 19 በመቶ ገደማ ነው። መሐል ላይ 10 ሳንቲም ሳለ ተጋጣሚህ 10 ቢጨምርና አንተ 10 ብትከፍል፣ የምትከፍለው ከጠቅላላው 30 ሳንቲም ሲሶው ስለሆነ፣ ለቀጣዩ ካርታ ብቻ ከሆነ ከ33 በመቶ በላይ ዕድል ያስፈልግሃል። ስለዚህ ካርታህን ጣል። ይህ መጣል ከሁሉም ይከብዳል!

ቤቱም፣ ማለትም አጫዋቹ ድርጅት፣ ከየጨዋታው ድርሻውን እንደሚቆርጥ አትርሳ፤ እኩል ችሎታ ያላቸው ሰዎች ቢገናኙ ሁሉም ቀስ በቀስ ይከስራሉ።

እኔ የመጀመሪያ ገንዘቤን የጨረስኩት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ የተበላሁትን ላስመልስ ብዬ በንዴት ወደ ትልቅ ጠረጴዛ ስወጣ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ፣ ገና ሳትጫወት፣ በድረ ገጹ ላይ ወዳለው የሒሳብህ ማስተካከያ ገብተህ በወር የምታስገባውን ገንዘብ 50 ዶላር ላይ ገድበው።