ከኮከብ ቆጠራ እስከ ቴሌስኮፕ፦ የሱሉልታ ጎረቤቶች ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ሱሉልታ ላይ ጥያቄውም ይበዛል። ጎረቤቶቼ የጠየቁኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። የውጭ ታሪክ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እናቴ ኮከብህ ሐመል ነው ትለኛለች። ኮከብ ቆጠራና ሥነ ፈለክ ይለያያሉ እንዴ?

መልስ፦ ዛሬ ይለያያሉ፤ ሥነ ፈለክ የሰማይ አካላትን የሚያጠና ሳይንስ ነው። ጥንት ግን አንድ ነበሩ። ባቢሎናውያን ግርዶሽን ለንጉሥ የሞት ምልክት አድርገው ይፈሩት ነበር። መዓቱ በሌላ ሰው ላይ እንዲወርድ ምትክ ንጉሥ ዙፋን ላይ የሚያስቀምጡበት ጊዜም ነበር። ፍርሃቱ ግን ትልቅ ሥራ አሠራቸው። ለዘመናት ግርዶሹን በሸክላ ጽላት ላይ እየመዘገቡ ቆዩ። ከመዝገቡም ግርዶሽ በየ18 ዓመት ከ11 ቀን ገደማ ተመሳስሎ እንደሚመለስ ደረሱበት። ለእኔ ሳይንሱ የተጀመረው እዚያ ጋ ነው።

የእኛ አገሩ ቆጠራ ደግሞ የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደል ቆጥሮ በ12 ይገድፋል፣ ማለትም ያካፍላል። ቀሪው ኮከብህ ነው ይባላል። ልብ በል፣ በዚህ ሁሉ መሃል ቀና ብሎ ሰማይ ያየ ሰው የለም። እናትህን አክብር፤ ትዳርህንና ሥራህን ግን በዚያ ቁጥር አትወስን።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁለቱ መቼ ተለያዩ?

መልስ፦ በአንድ ጀንበር አልተለያዩም። ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር ራሱ ለመኳንንት ኮከብ ይቆጥር ነበር። ዴንማርካዊው ቲኮ ብራሄ ያለ ቴሌስኮፕ የለካውን የማርስ መዝገብ ይዞ ግን ዓመታት ለፋ። ማርስ በክብ መንገድ ትዞራለች ብሎ ያወጣው ስሌት ከልኬቱ ጋር በ8 የቅስት ደቂቃ አልገጥም አለው። የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሩብ ያህል ማለት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ይቺ ምን አላት» ብሎ ያልፋት ነበር። እሱ ግን ቲኮ ይህን ያህል አይሳሳትም አለ። 2,000 ዓመት ገደማ የቆየውን የክብ እምነት ተወና፣ በ1609 የማርስ መንገድ ሞላላ መሆኑን አሳተመ። ይህን ታሪክ ሳስበው ሁሌም ይደንቀኛል። የራስን ስሌት ጥሎ ልኬቱን ማመን ቀላል አይደለም።

በዓመቱ ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ጁፒተር የተባለችውን ፕላኔት የሚዞሩ 4 ጨረቃዎች በቴሌስኮፕ ማየቱን አሳወቀ። ሁሉም ነገር የሚዞረው መሬትን ነው የሚለው እምነት በዓይን በሚታይ ነገር ተናጋ።

ጥያቄ፦ ኮከብ ሲወረወር ትልቅ ሰው ይሞታል የሚባለውስ?

መልስ፦ የሚወረወረው ኮከብ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የአሸዋ ቅንጣት የምታህል ናት፤ በከፍተኛ ፍጥነት አየራችን ውስጥ ስትገባ ግላ ታበራለች። ከማንም ሞት ጋር አትገናኝም።

ጥያቄ፦ ማንም ሳይደርስበት ኮከብ ከምን እንደተሠራ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በብርሃኑ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ከብርሃኑ ውስጥ የራሱን ቀለማት ለይቶ ያስቀራል። ጀርመናውያኑ ሳይንቲስቶች ኪርቾፍና ቡንሰን ይህን በ1859 አካባቢ ግልጽ አደረጉት። በ1868 የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ከታወቀ ንጥረ ነገር ጋር የማይገጥም የቀለም መስመር ታየና፣ መስመሩን የፈጠረው ንጥረ ነገር ሂሊየም ተባለ። ምድር ላይ የተገኘው በ1895 ነው። ፀሐይ ላይ ቀድሞ ታወቀ ማለት ነው!

ጥያቄ፦ እንጦጦ ያለውን ቴሌስኮፕ የከተማው መብራት አያስቸግረውም?

መልስ፦ ያስቸግረዋል። እዚያ መስታወታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ አዲስ አበባ ግን ከሥሩ እየሰፋች፣ ብርሃኗም እየጨመረ ነው። እናንተም ከጊቢያችሁ ስታዩ ጀርባችሁን ለከተማዋ ስጡ፤ በሰሜን በኩል ሰማዩ ይጨልማል።

ጥያቄ፦ የሰኔ 14 ቀን 2012ቱ ግርዶሽ ጊዜ ልጆቹን ቤት ቆልፌባቸው ነበር። ሌላ ቢመጣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እትዬ፣ ይመጣል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ ነው። ሙሉው በግብጽ ሉክሶር በኩል ያልፋል፤ እኛ ጋ ከፊሉ ይታያል፣ የክረምት ደመና ካልጋረደን። ጥላው ማንንም አይጎዳም። ዓይን የሚጎዳው ፀሐይን በቀጥታ ማየት ነው። የኤክስሬይ ፊልምና የጠቆረ መስታወት አያድኑም። ካርቶን በመርፌ ይብሱ፣ ጀርባዎን ለፀሐይ ሰጥተው ብርሃኑን ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፉት። የተገመጠች ትንሽ ፀሐይ ወረቀቱ ላይ ትወጣለች። ልጆቹ በየ10 ደቂቃው ቅርጿን በእርሳስ ይንደፉ፣ ሰዓቱንም አጠገቡ ይጻፉ።